በር ዘግተህበት «ድመት ነው» አትበል!



ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ቆመን ስንጨዋወት አንድ ወዳጄ «ሰሞኑን የት ጠፋህ?» አለኝ። «ድመታችን ሽንቱ ተዘግቶበት ሐኪም ቤት ስመላለስ ነበር» አልኩት። አጠገባችን የነበሩት ሳቁ። አንዱ «ለድመት?» አለ። ሌላው «ስንት የታመመ ሰው ባለበት አገር!» አለ። ሦስተኛው ቅን ሰው ነው፤ ሊያጽናናኝ ብሎ «አሁን ሸንቷል አይደል? በቃ ዳነ። ምን ያስጨንቅሃል?» አለኝ።

ይህን የምጽፈው ለሦስቱም ነው። ከሁሉ በላይ ግን ለሦስተኛው ነው። የመጀመሪያው ቀልዷል፤ ሁለተኛው ተቆጭቷል። የሦስተኛው ንግግር ግን ድመት ይገድላል። እንዴት አወቅክ ካላችሁኝ፣ እኔ ራሴ ልክ እንደሱ አስቤ የቤቴን ድመት ልገድል ነበር።

◾ ነገሩ ምንድን ነው?

የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ከሴቷ ይልቅ ረጅምና ጠባብ ነው። ወደ ጫፉ ሲደርስ ደግሞ ይብሱን ይጠባል። ፊኛው ውስጥ የተፈጠረ እንደ አሸዋ የደቀቀ ክሪስታል፣ ንፍጥ መሰል ዝቃጭ፣ ወይም ተቆጥቶ ያበጠ የቧንቧው ግድግዳ ይህችን ጠባብ መንገድ ይዘጋታል። አንዳንዴ ክሪስታል ሳይኖር በጭንቀት ብቻ ፊኛው ተቆጥቶ ይህ ይደርሳል። ሽንቱ መውጣት ሲያቆም ፊኛው እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ኩላሊት ይጎዳል፤ በሽንት መውጣት የነበረበት ፖታሲየም ደም ውስጥ ተከማችቶ የልብን ምት ያዛባል። ሙሉ በሙሉ የተዘጋበት ድመት ካልታከመ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ሐኪሙ እንስሳውን አደንዝዞ፣ ቀጭን ካቴተር አስገብቶ መንገዱን ይከፍታል፤ በደም ሥሩ ፈሳሽ ይሰጠዋል። ድመቱ ይሸናል። ቤተሰብ አልሐምዱሊላህ ይላል። ስህተታችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሐኪሙ የከፈተው የተዘጋውን መንገድ ነው እንጂ የዘጋውን ምክንያት አላጠፋም። ቧንቧው በሕመሙም በካቴተሩም ተቆጥቷል። ክሪስታሉን የፈጠረው ምግብ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ደረቅ የሆነችው የውሃ ሳህን ያለችበት አለች። ስለዚህ ዳግም የመዘጋት አደጋው ከፍ የሚለው ካቴተሩ በወጣባቸው በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ነው። «ሸና፤ ዳነ» የምንለው ልክ በዚያ ሰዓት ነው!

◾ እኔ ምን አደረግኩ?

ውሮን መጀመሪያ ወደ ቤት ስንመልሰው ሐኪሟ ሁሉንም ነግራኝ ነበር። ሽንቱን ቁጠሩ፣ የታሸገውን እርጥብ ምግብ ብቻ ስጡት፣ ውሃ አብዙለት አለችኝ። ሁለት ቀን ተከተልኩ። በሦስተኛው ቀን የእርጥቡን ምግብ ዋጋ አሰብኩና «የተረፈው ደረቅ ምግብ ለምን ይበላሻል?» ብዬ ቀላቀልኩለት። መቁጠሩንም ተውኩት። በስድስተኛው ቀን ማታ የ11 ዓመት ልጄ መጥታ «አባዬ፣ ውሮ ሳፋው ላይ ይቀመጣል፣ ይቀመጣል፣ ግን አሸዋው ደረቅ ነው» አለችኝ። «ሆዱ ደርቆ ነው፤ ነገ ይሻለዋል፤ ተኚ» አልኳት።

በነጋታው ስነሳ ኮሪደሩ ላይ አስመልሶ ተኝቶ አገኘሁት። ሐኪሟ ሆዱን ዳበስ አድርጋ ፊቷ ተለወጠ። እንደገና አደነዘዘችው፤ እንደገና ካቴተር ገባ። አንዳች ነገር አልወቀሰችኝም። ልጄ ግን በታክሲው ውስጥ «ነግሬህ ነበር» አለችኝ። ወላሂ፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገር የከበደ ነገር ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ይህን ስጽፍ ከሁለተኛው ሕክምና ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ገና ዳነ አልልም።

◾ በሩን የዘጋው ማን ነው?

ስለ ድመት ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናወራው ሙዕዛ ስለምትባል ድመትና ስለተቆረጠ የልብስ እጅጌ ነው። ያ ታሪክ በታወቁት የሐዲስ ኪታቦች ውስጥ መሠረት የለውም። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሶሒሕ ሐዲስ ግን እናልፈዋለን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንዲት ድመት ሰበብ ስለተቀጣች ሴት ነግረውናል። ልብ በሉ! የተጠቀሰው ጥፋቷ ድብደባ አይደለም፤ መርዝም አይደለም። ድመቷን ዘጋችባት፤ ዘግታባት ሳለ አላበላቻትም፣ አላጠጣቻትም፤ ወጥታ ከምድር የምታገኘውን እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ጥፋቱ በር ዘግቶ መርሳት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የአያቶቻችን ድመት ግቢ ውስጥ ይውል ነበር። አይጥ ያድናል፤ አይጧ ራሷ አብዛኛው አካሏ ውሃ ነው። ጣራ ለጣራ ይሄዳል፤ ውሃ ከፈለገበት ይጠጣል። ዛሬ እኛ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ዘግተን እናስቀምጠዋለን። ከሱፐርማርኬት ደረቅ ምግብ ገዝተን እንሰፍርለታለን፤ ከአሥር እጁ ውሃው አንድ እጅ ገደማ ነው። የታሸገው እርጥብ ምግብ ግን ከመቶ 75 እና ከዚያ በላይ ውሃ ነው። ድመት በተፈጥሮው የበረሃ እንስሳ ዘር ስለሆነ ጥማት ቶሎ አይሰማውም፤ ደረቅ ምግብ በልቶ የጎደለውን ያህል አይጠጣም። አይንቀሳቀስም፣ ይወፍራል፣ ሽንቱ ይወፍራል።

ስለዚህ «ድመት ነው፣ ራሱን ያውቃል» የሚለው አባባል ለአያቶቻችን ድመት ይሠራ ይሆናል። ለእኛ አይሠራም። የሚበላውን የምንመርጥለት እኛ፣ የሚጠጣበትን የምንሞላው እኛ፣ በሩን የቆለፍነው እኛ! ምርጫውን ከወሰድንበት ኃላፊነቱንም ወስደናል። ይህ ደግነት አይደለም፤ አማና ነው።

◾ አማናው በተግባር ምንድን ነው?

1ኛ. ሽንቱን መቁጠር። ከሐኪም ቤት ከተመለሰ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት አሸዋውን ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ ተመልከት። ስንት ቦታ እንደረጠበና ምን ያህል እንደሆነ ጻፈው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጥቂቱ ቶሎ ቶሎ መሽናቱና ሽንቱ ትንሽ ደም መቀላቀሉ ያጋጥማል። እየተቀመጠ ምንም ካልወጣው፣ ወይም ጠብታ ብቻ ከሆነ፣ እየጮኸ ከሆነ፣ ብልቱን ደጋግሞ ከላሰ፣ ካስመለሰ፣ ምግብ ትቶ ከተደበቀ ግን አትጠብቅ። ሌሊትም ቢሆን ስልክ ደውል። ሆዱን ጨምቀህ ልታሸናው አትሞክር፤ የተወጠረ ፊኛ ሊፈነዳ ይችላል። ደግሞም እንደኔ «ሆድ ድርቀት ነው» አትበል። ሁለቱ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ አንዱ ግን በቀናት ውስጥ ይገድላል።

2ኛ. ውሃ። አንድ ሳህን አይበቃም፤ በየክፍሉ አስቀምጥ፣ በየቀኑ ቀይር፣ ከመጸዳጃው ሳፋ አርቅ። ምግቡ ላይ ለብ ያለ ውሃ ጨምርበት። ጨው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ያልገባበት የዶሮ ቅቅል ውሃ ብዙ ድመቶች ይወዳሉ፤ ሐኪሙን ጠይቀህ ስጠው። ሽንኩርት ግን የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ የወጥ ፍርፋሪ እንዳትሰጠው።

3ኛ. ምግብ። ሐኪሙ ያዘዘው ብቻ፤ ምንም ሳይቀላቀል። ስትሩቫይት የሚባለው ክሪስታል በታዘዘ ምግብ ሊሟሟ ይችላል። ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባለው ግን አይሟሟም። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ምርመራ ነው፤ የጎረቤት ምክር አይደለም።

4ኛ. መድኃኒት። የታዘዘለትን በሰዓቱ ስጠው። ከራስህ መሳቢያ ግን ምንም አትስጠው። «ስላመመው ግማሽ ፓራሲታሞል ስጡት» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ይህ ምክር መርዝ ነው! የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን ማስወገድ አይችልም፤ ለአንተ ራስ ምታት የምትውጣት አንዲት ፍሬ እሱን ልትገድለው ትችላለች። አይቡፕሮፌንም እንዲሁ አደገኛ ነው።

5ኛ. ጸጥታ። ጭንቀት ለዚህ በሽታ አንዱ ምክንያት ነው። ልጆች እንዳይጎትቱት፣ እንግዳ እንዳይበዛበት አንድ ክፍል ለይለት። ሌላ ድመት ካለ ለየብቻ ሳፋ ይኑራቸው፤ እንዲያውም አንድ ትርፍ ቢኖር ይመረጣል። ደጅ አትልቀቀው፤ ደጅ የሸናውን ማን ይቆጥራል?

◾ ለሚነሱት ክርክሮች

«ቤቱን በነጃሳ ሞላው፤ ሶላት የት እንስገድ?» ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ በቤቴም ተነስቷል። ድመት ከዕቃ ውሃ ቢጠጣ ውሃው እንደማይነጀስ በአቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ሐዲስ ይታወቃል። ሽንቱ ግን ነጃሳ ነው። መፍትሔው ግን በሽተኛውን ደረጃ ላይ መጣል አይደለም። ምንጣፍ በሌለው፣ በሚታጠብ ወለል ላይ አስቀምጠው፤ መስገጃህን ሌላ ክፍል አድርግ፤ ያንጠባጠበውን በውሃ እጠብ። ጥቂት ሳምንት ነው።

«አላህ ካለ ይድናል።» እውነት ነው፤ ያለ እሱ ፈቃድ የሚድን የለም። ግን ግመሉን ሳያስር ተወኩል ላደርግ ላለው ሰው የተሰጠውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መጀመሪያ እሰር፣ ከዚያ ተመካ። አሸዋውን ሳትመለከት «ተወከልቱ» ማለት ስንፍናን የዲን ልብስ ማልበስ ነው።

«ስንት ችግረኛ እያለ ለድመት ገንዘብ?» ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ አከብራለሁ፤ ግን በሐቅ እንጠያየቅ። ለድመቱ ያላወጣኸው ብር ለችግረኛ ደርሷል? ወይስ ኪስህ ውስጥ ቀርቷል? ለውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣውን ሰው አላህ ምሕረት አደረገለት፤ ሶሐባዎች «በእንስሳትም አጅር አለን?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሕይወት ባለው ፍጡር ሁሉ አጅር እንዳለ ተነገራቸው። ለሰው ማዘን ከእንስሳ አያጣላም። በቤቱ ላለው ዲዳ ፍጡር ልቡ የማይራራ ሰው ለጎረቤቱ ይራራል ብዬ ማመን ይከብደኛል። ደግሞ በሒሳብ ካየነው፣ የእኔ ቁጠባ ምን አተረፈ? ጥቂት ቆርቆሮ እርጥብ ምግብ አተርፋለሁ ብዬ ሙሉ ሕክምናውን ሁለት ጊዜ ከፈልኩ።

አቅም የሌለውን ግን አልወቅስም። አላህ ከአቅም በላይ አያስገድድም። የሌለህ ከሆነ ሳትደብቅ ለሐኪሙ ተናገር፤ በጊዜ የመጣ ሕመም ከዘገየው ይልቅ ይቀላል፣ ወጪውም ያንሳል። ዘመድ ጠይቅ፤ ሊያስታምመው ለሚችል ስጠው። «ነጻ ለቀቅኩት» ብለህ የታመመውን ከቤት ማውጣት ግን መልቀቅ አይደለም። ሲሞት እንዳታየው ማድረግ ብቻ ነው። ወንድ ድመት ለልጆቻችሁ ልታመጡ ያሰባችሁም ይህን ሁሉ አስቀድማችሁ አስቡበት።

አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) የውዱእ ውሃቸውን ለድመት ዕቃውን ዘንበል አድርገው አጠጥተዋል። የልጃቸው ሚስት በመገረም ታያቸው ነበር። ሶሐባ ለውዱእ ያዘጋጀውን ውሃ ካዘነበለ፣ እኛ ሳህን መሙላት ለምን ይከብደናል?

ቤታችሁ ወንድ ድመት ካለ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ሳፋውን እዩ። አሸዋው ረጥቧል? ከረጠበ አልሐምዱሊላህ በሉ። ደረቅ ከሆነ «ነገ ይሻለዋል» አትበሉ። ልጃችሁ መጥታ ከነገረቻችሁ ደግሞ ስሟት።

አላህ ለአማናችን ታማኞች ያድርገን። ለሚመለከታቸው አድርሱልኝ።

ወላሁ አዕለም።