ደም ሳያዩ መርፌ

በወረዳ የእንስሳት ክሊኒክ በር ላይ የቆመ በሬ ከመርፌው በፊት ደሙ ቢታይለት እንደ ተአምር ይቆጠራል። ባለቤቱ «ከሳ፣ ፀጉሩ ቆመ፣ መብላት ተወ» ይላል። ባለሙያው ሙቀት ይለካል፤ አንዳንዴም አይለካም። ከዚያ ኦክሲቴትራሳይክሊን ይወጋዋል፤ ካልተሻለው ዲሚናዚን ይጨምርለታል። በሬው ከዳነ መድኃኒቱ ሠራ ይባላል፤ ከሞተ «ዘግይታችሁ አመጣችሁት»። ይህ በገበሬ ሀብት ዕጣ መጣል እንጂ ሕክምና አይደለም።

«ላቦራቶሪ የለም» የሚለው መልስ ሁሌም ዝግጁ ነው። እርግጥ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያለው ሰበታ ነው፣ ለብዙው ወረዳ ሩቅ ነው። ግን ገንዲን ለመለየት ሰበታ ድረስ መሄድ ማን አስገደደ? ከጆሮ ጠርዝ ደም ሥር በቀጭን የመስታወት ቱቦ ትንሽ ደም ይቀዳል፤ ቱቦው በሴንትሪፉጅ 5 ደቂቃ ይዞራል፤ ቀዩ ደም ከጠቅላላው ስንት እጅ እንደሆነ ይነበባል። ከ24 በመቶ በታች ከሆነ በሬው ደም አንሶታል። ከዚያ ቱቦው ከቀዩ ደም በላይ ባለው ነጭ ስስ መስመር አጠገብ ተሰብሮ ይዘቱ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ተውሳኩ ካለ ሲንፈራገጥ ይታያል። ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ እንኳ አይፈጅም። ደሙ ግን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መታየት አለበት፣ የሞተ ተውሳክ አይንፈራገጥምና። በአውቶቡስ ተጭኖ በማግስቱ የሚደርስ ናሙና ለዚህ ምርመራ ከንቱ ነው።

ሽንትማ ጭራሽ ተረስቷል። ላም ቀይ ሸናች ሲባል ሽንቷን በዚያው ሴንትሪፉጅ ማዞር ብቻ ብዙ ይናገራል። ቀዩ ከታች ከዘቀጠ ከኩላሊት ወይም ከፊኛ ደም እየፈሰሰ ነው። ሳይዘቅጥ እንደቀላ ከቀረ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀይ የደም ሴሎቿ በሰውነቷ ውስጥ እየፈረሱ ነው፤ መዥገር የሚያመጣው ባቤዢያ ይጠረጠራል። ሁለቱ ሕክምናቸው ለየቅል ነው።

የግምቱ ዋጋ አንድ በሬ ብቻ አይደለም። በጊቤ ሸለቆ የገንዲ ተውሳክ መድኃኒቶቹን እንደተላመደ በጥናት ከታወቀ ከ30 ዓመት በላይ ሆነው። በየጊዜው ያለ ምርመራ የሚረጨው መርፌ ይህንኑ ያሰፋዋል። ኦክሲቴትራሳይክሊን የተወጋች ላም ወተትም መታለፍ ያለበት ቀን ሳያልፍ ሕፃን ጽዋ ውስጥ ይገባል።

ጥፋቱን በወጣቱ ቴክኒሻን ላይ መደፍደፍ ቀላል ነው፣ ግን ትክክል አይደለም። የወረዳው ሪፖርት የሚጠይቀው ስንት ከብት ታከመ፣ ስንት ተከተበ ነው፤ ስንቱ ደሙ ታየ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ገበሬውም መርፌ ካልተወጋለት ገንዘቡን የተበላ ይመስለዋል። በዚህ ላይ መድኃኒቱ በገበያ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል።

በጀት ሲያዝ መድኃኒት ብቻ የሚገዛ ወረዳ ከዚያው ገንዘብ ላይ የደም ቱቦ፣ ስላይድና የጊምሳ ቀለም ይግዛ። የሪፖርቱ ቅጽም አንዲት ዓምድ ይጨመርባት፦ «ከመርፌው በፊት ናሙና የተወሰደላቸው»። መጀመሪያው ሩብ ዓመት ላይ ዜሮ ተሞልታ ትምጣ፣ ከዚያ ኃላፊው ለምን እንደሆነ ያስረዳ።