«ብፁዕ» የሚባለው ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ክረምት አዳማ ላይ የሕፃናት ክፍል ተማሪዎችን አንቀጸ ብፁዓንን ሳስተምር «ብፁዕ ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጁን አውጥቶ «ጳጳስ ማለት ነው» አለኝ፤ ሌሎቹም ተስማሙ። ልጁን ለመውቀስ አይቻልም፤ ቃሉን የሰማው «ብፁዕ አቡነ» ሲባል ብቻ ነውና። ነገር ግን እንደ እርሱ ካሰብን፥ ጌታችን በተራራው ላይ ስለሚያዝኑትና ጽድቅን ስለሚራቡት የተናገረው ለጳጳሳት ብቻ ሊሆን ነው። በዚያች ሰዓት ለሕፃን የሚሆን መልስ አልነበረኝምና «በሚቀጥለው ሳምንት» ብዬ አለፍሁት።

ዳዊት በግእዝ የሚደግም ሰው ገና የመጀመሪያውን መዝሙር ሲጀምር የሚያገኘው ቃል «ብፁዕ» ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ይህን ቃል በመዝሙር 1 «ምስጉን» ብሎ ሲተረጉመው፥ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 እንደ ግእዙ «ብፁዓን» ብሎ ትቶታል። ስለዚህ የአማርኛ አንባቢ ዳዊት ያመሰገነው ሰውና ጌታ በተራራው ላይ የጠራው ሰው በአንድ ስም መጠራታቸውን ሳያውቅ ያልፋል። ዛሬማ «ብፁዕ» የማዕርግ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል፤ «ምስጉን» ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ «ምስጉን ሠራተኛ» ከሚለው የምስክር ወረቀት ወዲያ ብዙም አይሰማም።

የቃሉን ሥር እንመልከት። «ብፁዕ» እና «ብፅዐት» በፊደል አንድ ሥር ያላቸው ናቸው። ብፅዐት ስእለት ነው፤ ለእግዚአብሔር የተለየ፣ የተሰጠ ነገር ነው። ኢያቄምና ሐና ልጅ ቢሰጣቸው መልሰው ለቤተ እግዚአብሔር ሊሰጡ ብፅዐት ገቡ፤ እመቤታችንም በሦስት ዓመቷ ወደ ቤተ መቅደስ ገባች፤ ታኅሣሥ 3 ቀን በዓታ ለማርያም ብለን የምናከብረው ይህንኑ ነው። (በየማስታወቂያው «ብጹዕ» ተብሎ በጸሎቱ «ጸ» ሲጻፍ የምቆጨው ለፊደል ብቻ አይደለም፤ በፀሐዩ «ፀ» ካልተጻፈ የቃሉ ዝምድና ይሰወርብናል።)

በግቢያችን የሚማሩ ጓደኞቼ ከፎቶግራፋቸው ሥር በእንግሊዝኛ «ብለስድ» ብለው ይጽፋሉ፤ መኪና ወይም የምረቃ ልብስ ከጀርባ ይታያል። ይህም ቃል ቢሆን አመጣጡ ሌላ ነበር። የእንግሊዝኛ ቃላትን ታሪክ የሚመረምሩ ሰዎች በጥንቱ እንግሊዝኛ ከ«ደም» ጋር ያያይዙታል፤ በመሥዋዕት ደም መቀደስ ማለት ነበር ይላሉ። እንግዲህ የእኛም የእነርሱም ቃል ከመሠዊያ አጠገብ የመጡ ናቸው። ወንጌሉ በተጻፈበት በግሪክኛ ያለው «ማካሪዮስ» ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ የጥንት ባለ ቅኔዎች ሞትና ድካም ለማያውቁት ለአማልክቶቻቸው ይሉት ነበር። ጌታችን በአንጻሩ ለሚያለቅሱትና ለሚሰደዱት አደረገው። የአስቄጥሱ አባ መቃርስ ስማቸው ይኸው የግሪክኛ ቃል ነው፤ በረሃ ለገባ መነኩሴ የተስማማ ስም ነው።

ከተማችን ለብዙ ዘመን ናዝሬት ተብላ መጠራቷን አስባችሁ የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 1 ክፈቱ። ከናዝሬት ተነሥታ ወደ ተራራማው የይሁዳ አገር የወጣችው ድንግል፥ ትውልድ ሁሉ ብፅዕት እንደሚላት የተናገረችው ራሷን የጌታ ባሪያ ብላ በተናገረችበት አንደበት ነው። ቃሉ ባለበት ሁሉ እንዲህ ነው፤ የሚመሰገነው ሰው የራሱ አይደለም።

በስምጥ ሸለቆው መንገድ ወደ ዝዋይ ስንወርድ የምናስባቸው ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ አሉ። የሸዋ ሊቀ ጳጳስ ነበሩ፤ በዚያች ከተማ የካህናት ማሠልጠኛ መሥርተው፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሳይቀር በክረምት እየሰበሰቡ ያስተምሩ ነበር፤ በ1982 ዓ.ም. ዐረፉ። እርሳቸውን ብፁዕ ስንል ማዕርግ ብቻ የምንጠራ አይመስለኝም። ለዚያ ትምህርት የተሰጠ ሕይወት ነበረና።

ስለ ራሴም ልናገር። ባለፈው ዓመት በዚሁ መንገድ ላይ ባለች አንዲት ከተማ ማታ በተደረገ ጉባኤ እንዳስተምር ተጠርቼ ነበር። መርሐ ግብር መሪው «ታላቁ መምህር፣ ተወዳጁና አንደበተ ርቱዑ» እያለ አስተዋወቀኝ። ትምህርቱን ያዘጋጀሁት በአውቶቡስ ላይ ነበር። ሰው እልል ሲል ግን አላቋረጥሁትም፤ ደስ ብሎኛል፤ ሲመሽም በጆሮዬ የቀረው የቅጽል ብዛት ነበር እንጂ ያስተማርሁት ቃል አልነበረም። አገልጋይን ማክበር የአባቶቻችን ሥርዓት ነው፥ አልቃወመውም። የምቃወመው ስጦታው ሳይኖር ስሙ ሲሰጥ ነው፤ በማስታወቂያ ላይ «ታላቁ» የሚለውን የምንጽፍ የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት ቀጣዩን ስናትም ብናስብበት መልካም ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ለሕፃናቱ የኢያቄምንና የሐናን ታሪክ ነገርኋቸው። ያ ልጅ ዝም ብሎ ካዳመጠ በኋላ እጁን አወጣ።

«ዲያቆን፥ እናቴም ለቁልቢ ገብርኤል ተስላ ነው የወለደችኝ። እኔም ብፁዕ ነኝ?»

«ስለቷን አስገብታለች?» አልሁት።

«ገና ናት። ለታኅሣሥ አብረን እንሄዳለን ብላኛለች።»

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።