ሞተሩ የመዘገበው ቦታ በገበሬው ማኅበር መዝገብም ይግባ

በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በቆቦና በአካባቢው የራያ ቆላ ማሽላውና ጤፉ ለአጨዳ በተቃረበበት ወቅት የበረሃ አንበጣ መንጋ ሰፍሮ የብዙ ገበሬዎችን የዓመት ልፋት እንዳወደመ የሚዘነጋ አይደለም። ሕዝቡ ቆርቆሮ እየመታ፣ ጅራፍ እያጮኸ መንጋውን ከማሳው ለማባረር ታግሏል። ከሩቅ ከተማ የመጡ ወጣቶችም ያልተበላውን ሰብል ለማትረፍ ለአጨዳ ወጥተዋል። ስለ መድኃኒትና ስለ አውሮፕላን እጥረት በጊዜው ብዙ ተብሏል። ከዚያ ባልተናነሰ ሊታሰብበት ሲገባ በቂ ትኩረት ያላገኘው ግን መንጋው ያደረበትን ቦታ በትክክል የማስታወቅ ጉዳይ ነው።

አንበጣ ቀን ቀን ነፋስ ተከትሎ ይበራል። በአንድ ቀን 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊጓዝ ይችላል። ሲመሽ በዛፍና በሰብል ላይ ያርፋል፤ በማግሥቱም ፀሐይ ወጥታ ሰውነቱን እስክታሞቀው ድረስ፣ ብዙውን ጊዜ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ያህል፣ ካረፈበት አይነሣም። መድኃኒት ረጪው በተሻለ ሁኔታ ሊመታው የሚችለው በዚህች አጭር ጊዜ ነው። ስለዚህ ማታ ያረፈበት ቦታ ታውቆ ሌሊቱን ለወረዳው መድረስ፣ ረጪውም ጎሕ ሲቀድ እዚያው መገኘት አለበት። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን የ35,000 ሰዎችን ቀለብ ያህል ስለሚበላ፣ በፍለጋ የሚያልፍ አንድ ጧት ዋጋው ቀላል አይደለም።

«ከሆርማት ማዶ፣ ከትልቁ ግራር በታች» የሚለው ምልክት ለቀበሌው ሰው ከበቂ በላይ ነው። ለአውሮፕላን ነጂውና ከሌላ ወረዳ ለመጣው የርጭት ቡድን ግን ምንም አይነግረውም። የራያ ሜዳ ደግሞ ለእንግዳ አስቸጋሪ ነው። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ የላስታ ደጋ ይታይ እንጂ ከጎብዬና ከሮቢት እስከ ዋጃ ያለው መሬት ለጥ ያለ ነው። በመስከረም ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሲሆን በሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው እንኳ ከፊቱ ካለው አገዳ በስተቀር የሚያየው የለም።

ይህን ችግር የሚያቃልለው በልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሞተር ብስክሌት መሪ ላይ የሚታሰረው ወይም በኪስ የሚያዘው ጂ.ፒ.ኤስ. የተባለው ትንሽ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ቢያንስ የአራቱን ምልክት ተቀብሎ የቆመበትን ቦታ በቁጥር ያሳያል። የሳተላይቶቹ ባለቤት የሆነችው አሜሪካ ለሲቪል ተጠቃሚ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብላ ታዛባ ስለነበር ስሕተቱ እስከ መቶ ሜትር ይደርስ ነበር። ያ ማዛባት በሚያዝያ ወር 1992 ዓ.ም. ከቀረ ወዲህ ግን ተራ የእጅ መሣሪያ በገላጣ ቦታ ከጥቂት ሜትሮች ባልበለጠ ስሕተት ይሠራል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር ቦታውን ለማንበብ የስልክ ኔትዎርክ የማያስፈልግ መሆኑ ነው። ኔትዎርክ የሚያስፈልገው የተነበበውን ቁጥር ለሌላ ሰው ለመላክ ብቻ ነው። በቀበሌው ወጣቶች እጅ ያለው ዘመናዊ ስልክም ይኸው መቀበያ አለው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2012 ዓ.ም. ለአንበጣ ጥቆማ በስልክ የሚሠራ ፕሮግራም ያወጣው ይህንኑ በማሰብ ነበር። ስልክ በማይሠራበት በረሃም መልእክቱን በሳተላይት የሚልክ የጋርሚን የእጅ መሣሪያ እንዲሁ ተዘጋጅቷል።

ሞተር ብስክሌቱ መሣሪያውን ያደርሳል፣ መሣሪያው ቦታውን ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ ግን መዝገቡ የት ይቀመጣል? ጥያቄው የገበሬ ማኅበር መሪዎችን በቀጥታ የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። እስካሁን በተለመደው አሠራር ሠራተኛው የወሰደው ነጥብ በመሣሪያው ሆድ ውስጥ ይቀራል፣ ቢበዛ ወደ ወረዳው ኮምፒዩተር ይተላለፋል። ሠራተኛው ሲዛወር ወይም መሣሪያው ሲበላሽ ነጥቡም አብሮ ይሄዳል። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጦርነት በተመላለሰበት በራያ ቆቦ ወረዳ፣ በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ የተያዘ መረጃ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ለማንም ማስረዳት አያሻም። በዚህም ምክንያት ሞተሩ በመጣ ቁጥር የተመዘገበው ነጥብ፣ ዛሬ በወረቀት ቀበሌ ቢባልም በአፍ ልማድ ገበሬ ማኅበር በሚባለው ጽሕፈት ቤት ደብተር ላይ መጻፍ አለበት። ገበሬው የሚጠራው የቦታው ስም፣ ቁጥሩና የተወሰደበት ቀን ከሰፈሩ ይበቃል። ስም የሌለው ቁጥር ለገበሬው ባዶ ነው፤ ቁጥር የሌለው ስም ደግሞ ለረጪው።

አንዳንድ ሰዎች ቁጥር መጻፍ ለተማረ ብቻ የሚቻል ሥራ ነው ሲሉ ይሰማሉ። አባባሉ ትክክል አይደለም፤ ሥራው ጥንቃቄ ብቻ ይፈልጋል። የቆቦ ከተማ የሚገኘው በ12 ዲግሪ ከ9 ደቂቃ ሰሜንና በ39 ዲግሪ ከ38 ደቂቃ ምሥራቅ ግድም ነው። አንድ ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር በችኮላ «12 ነጥብ 9» ብሎ በስልክ ቢያስተላልፍ፣ ተቀባዩ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ሄዶ ከማይጨው ያልፋል። ዲግሪ የሚከፈለው በ60 ደቂቃ እንጂ በአሥር አይደለምና። በአገራችን የቀድሞ ካርታዎችና በመሣሪያው መካከልም የመለኪያ መነሻ ልዩነት አለ። «አዲንዳን» በተባለው መነሻ የተሠራ ካርታና «ደብሊው ጂ ኤስ 84» በተባለው የሚሠራ መሣሪያ ሳይታረቁ ቢነጻጸሩ ነጥቡ ከመቶ ሜትር በላይ ይሸሻል። ይህን ማስተካከል የወረዳው ባለሙያ ድርሻ ነው፤ መሪው ግን መሣሪያው በየትኛው እንደተሞላ ጠይቆ በደብተሩ ራስጌ ላይ ቢያጽፍ ከብዙ ክርክር ይድናል።

መሣሪያው የማያውቀውም ነገር አለ። ቀስቱ ወደ ተፈለገው ነጥብ የሚያመለክተው በቀጥታ ነው፤ በመካከል ጎሊና ሞልቶ ይውረድ ወይም ገደል ይኑር አይጠይቅም። በራያ ቆላ ጎርፍ ወደ ማሳ የሚጠለፍበት ቦይም ሆነ የእግር መንገዱ ከክረምት ክረምት ይለዋወጣል። አምና ሞተሩ ያለፈበት ዱካ ዘንድሮ በቦረቦር ተቆርጦ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ መንገድ የሚመራው አሁንም የቀበሌው ሰው ነው። ሠራተኛው ዓይኑን ቀስቱ ላይ ተክሎ በአሸዋ ላይ ከሚነዳ ቆሞ ቢያነብና አካባቢውን የሚያውቅ ገበሬ ከኋላው ቢያፈናጥጥ ይሻለዋል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን በወሰን ጉዳይ ነው። በአንዳንድ ቦታ ሞተር ብስክሌትና ጂ.ፒ.ኤስ. ይዞ የመጣ ሰው ሲታይ ወሰን ሊያካልል የመጣ እየመሰለ ጎረቤት ከጎረቤት ይነጋገራል። አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር መሬት፣ ጎኑ 50 ሜትር በ50 ሜትር ቢሆን፣ በአንደኛው ጎን ላይ የሦስት ሜትር ስሕተት ብቻ 150 ካሬ ሜትር ከአንዱ ገበሬ ወስዶ ለሌላው ይሰጣል። ይህ ሰው የሚያጋድል መጠን ነው። ተራው የእጅ መሣሪያ ማሳው ያለበትን አካባቢ ለማግኘት ይጠቅማል እንጂ ድንበር ለመትከል አይሆንም። ለይዞታ ማረጋገጫ የሚደረገው ልኬታ በአየር ፎቶግራፍ ወይም ከፍ ያለ ትክክለኛነት ባለው መሣሪያ፣ አዋሳኞችና የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ በተገኙበት የሚፈጸም ሌላ ሥራ ነው። መሪዎች ይህን ለሕዝቡ አስቀድመው ቢያስረዱ፣ ስለ አንበጣ የመጣው ሠራተኛ በወሰን ጠብ አይጠረጠርም።

መሣሪያው ሠራተኛው ዞሯል ወይስ አልዞረም እየተባለ ለቁጥጥር ብቻ ሊውልም ይችላል። ቁጥጥሩ አይጠላም። ነገር ግን ዱካው ሞተሩ መድረሱን እንጂ ገበሬው ምን እንደተመከረ አያሳይም። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የመስኖ ጉድጓዶች ዙሪያ ይኸው መሣሪያ የተሻለ ሥራ አለው። ፓምፕ ሲቆም ጠጋኙ ጉድጓዱን እየጠየቀ ግማሽ ቀን እንዳያባክን፣ የጉድጓዱ ቁጥርና ነጥብ በደብተሩ ጎን ለጎን ሊሰፍር ይችላል።

ደብተሩን መጀመር ያለበት ክረምቱ ሳይገባ፣ ሞተር በየማሳው ሊደርስ በሚችልበት የበጋ ወራት ነው። አንበጣ ይሰፍርባቸዋል ተብሎ የሚታሰቡትን ትላልቅ ማሳዎችና ግራሮች፣ ሞተር የሚሻገርባቸውን የወንዝ መልካዎችና ጉድጓዶቹን አስቀድሞ መመዝገብ ለአንድ ቀበሌ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ነዳጁና ሠራተኛው ከወረዳው ይመጣሉ። ጽሑፉ የሚነበብለትን አንድ ወጣት፣ ስሙን የሚነግረውን አንድ ሽማግሌና አንድ ደብተር ማዘጋጀት ግን ለማኅበሩ መሪዎች የተተወ ነው።