ከሽሮው በፊት ስኳሩ ይውጣ

ሰሞኑን ከእሁድ ጨዋታ መልስ የጓደኞቼ ወሬ ሁሉ የ30 ቀን አመጋገብ ሆኗል። እ.ኤ.አ በ2009 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው «ሆል ሰርቲ» ለአንድ ወር ስኳር፣ አልኮል፣ እህል፣ ጥራጥሬና ወተት ያስተዋል። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አትክልትና ፍራፍሬ ይፈቀዳል። በ29ኛው ቀን ከተሳሳትክ እንደገና ከአንድ ትጀምራለህ። ቀጥታ ቀይ!

ችግሩ ጤፍም እህል፣ ሽሮም ጥራጥሬ መሆኑ ነው። እንጀራ ትቶ ወደ ፓስታ የዞረው ልጅማ ጨዋታው ጭራሽ አልገባውም፤ ፓስታም ስንዴ ነው። ሁለቱን ባንዴ ያወጣ ጀማሪ በየቀኑ ሥጋና እንቁላል ሊገዛ ነው። በየትኛው ደሞዝ? ሁዳዴ ላይ የጀመረ ጿሚ ደግሞ ከድንችና ከጎመን ጋር ይፋጠጣል።

አርሴን ዌንገር እ.ኤ.አ በ1996 አርሰናል ሲገባ የከለከለው ቸኮሌት ነበር፤ ተጫዋቾቹ አውቶቡስ ውስጥ ቸኮሌታችን ይመለስ ብለው ዘፍነውበታል። እንደኔ እንደኔ ጀማሪም ከሻዩ ስኳር፣ ከለስላሳውና ኳስ እያየ ከሚጠጣው ቢራ ይጀምር።

30ውን ቀን ለጨረሰ ደግሞ ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ ነው። የተወውን አንድ በአንድ እየመለሰ የትኛው ሆዱን እንደሚነፋው ያያል። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ዝም አሉ። ለካስ ለ31ኛው ቀን ቢራ ቤት ተቀጣጥረዋል።