በአውሬ ስም ሰው አይሰደብ

ግማሹ ሰው፥ ግማሹ አውሬ የሆነ ፍጡር እየፈጠሩ ታሪክ መድረስና ጨዋታ ማዘጋጀት በዘመናችን ወጣቶች ዘንድ የተወደደ ሥራ ሆኗል። እኛም ይህን ጥበብ የምንነቅፍ አይደለንም፤ ለምናብ ድንበር ይበጅለት የሚሉትንም ወገኖች አንደግፍም። የምንሟገተው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የፍጡሩ ክፋት ከሥራው ይምጣ እንጂ ከትውልዱ አይምጣ የሚል ነው።

«ልብ ወለድ ነውና ማንንም አይጎዳም» የሚሉ አሉ። ይህ አነጋገር ለግሪኮቹ ሚኖታውር እውነት ሊሆን ይችላል። የበሬ ራስና የሰው አካል ያለው ይህ ፍጡር በቀርጤስ ደሴት ሰው ይበላ ነበር ተብሎ ቢተረትም፥ ዛሬ ሚኖታውር ነህ ተብሎ ጎረቤቱ የሚሸሸው ሰው የለም። ጅብ ይሆናል የሚባለው የእኛው ቡዳ ግን የታወቀ ደጃፍ አለው። ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ ይውላል፥ ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ የተገደለው ጅብ ጆሮው ላይ ጉትቻ ተገኘበት እየተባለ ሲወራ፥ ወሬው የሚያርፈው በባለ እጁ ቤት ላይ ነው። ያረስንበትን ማረሻ የቀጠቀጠው፥ የጋገርንበትንም ምጣድ ያበጀችው፥ ቡዳ ተብለው ጋብቻና ማዕድ ተነፍገዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም፥ ስድቡ ከአንደበት ፈጽሞ አልጠፋም። እንግዲህ አንድ ደራሲ ይህንኑ ሐሜት እንዳለ ወስዶ ቀጥቃጩን ጅብ ቢያደርገው፥ የቆየ ስድብ አሳተመ እንጂ አዲስ ፍጡር ፈጠረ አይባልም።

የውጭው ዓለምም ከዚህ ስሕተት የጸዳ አልነበረም። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው ስመ ጥር የአሜሪካ ጨዋታ፥ እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ ውስጥ፥ ከሰውና ኦርክ ከሚባል ጭራቅ ለተወለደው ገጸ ባሕርይ ጉልበት ሲጨምርለት ሞገስ ይቀንስበት ነበር፤ ይህም ገና አንዳች ሳይሠራ ነው። አሳታሚዎቹ እ.ኤ.አ. በ2020 እንዲህ ያሉትን ነገዶች በጅምላ ክፉ አድርጎ መሣል በእውነተኛ ሕዝቦች ላይ ከሚሰነዘረው ንቀት ጋር እንደሚመሳሰል አምነው ሊያርሙት ቃል ገቡ።

ለደራሲዎቻችን የተሻለ መምህር የሚሆናቸው፥ ሜሪ ሼሊ እ.ኤ.አ. በ1818 ያሳተመችው ፍራንከንስታይን ነው። ከሬሳ ክፍሎች የተሠራው ፍጡር ክፉ ሆኖ አልተፈጠረም። ዐይነ ስውሩ ሽማግሌ በደግነት አነጋገረው፤ ዐይን ያላቸው ግን መልኩን አይተው ደብድበው አባረሩት፤ የበቀልን መንገድ የያዘውም ከዚያ በኋላ ነው። አንባቢው መጽሐፉን ሲዘጋ «አውሬው ማን ነበር?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል።

ወጣት ደራሲ ሆይ፥ ጅብ የሚሆን ሰው ካስፈለገህ ፍጠር፤ ነገር ግን በሥራው ጅብ ይሁን። ጉቦ የበላ ዳኛ ጥርሱ ይርዘም፤ የባለ ጉዳይን ፋይል ቆልፎ እጅ መንሻ የሚጠብቅ ጸሐፊ ጥፍር ያውጣ፤ የሙት ልጅ ርስት የቀማ ዘመድ በሌሊት ይጩኽ። መምህራንም ተማሪው እንዲህ ያለ ድርሰት ሲያቀርብላችሁ «ይህ ፍጡር ጅራት ያበቀለው ምን ሠርቶ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «አባቱ ቀጥቃጭ ስለ ነበረ» ብሎ ከመለሰ፥ ወረቀቱን መልሱለትና እንደ ገና ይጻፈው።