ስለ በገና አውታርና ስለ እንዚራ

አባቶቻችን ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ከኢየሩሳሌም መጣ እያሉ የሚተርኩለት፣ በነቢዩ ዳዊት ስም የሚከበረው በገና፣ 10 አውታሮቹ ከበግ አንጀት ተገምደው ከታች በሚደግፋቸው ብርኩማ ላይ ሲያርፉ፣ በየአውታሩ ሥር የምትሸጎጠው ትንሽ የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራ የምትባለው፣ የሚነዝረውን አውታር እየነካች ያንን ልብ የሚያባባ ግርማዊ ድምፅ የምታወጣ ናትና፣ እርስዋን አስቀርቶ ድምፁን ማጥራት ዘመናዊነት የሚመስለው ሰው የመሣሪያውን ነፍስ እንደሚያወጣ ሊያውቅ ይገባዋል። አውሮፓውያን እንኳ ቀድሞ በገናቸውን በእንጨት ችንካር እያንዘረዘሩ ይደረድሩ ነበር፤ ያን ድምፅ ለዘመናት ከተዉት በኋላ ግን በሃያኛው ምዕት ዓመት ያንኑ በገናቸውንም፣ ባለ 5 ጥንድ አውታሩን ጥንታዊ ጊታርም ከነአንጀት አውታሩ ከቤተ መዘክር አውጥተው እንደ ገና ለመማር ብዙ ደክመዋል። በእኛ ዘንድ፣ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የበገና መምህሩ መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ ያስተምሩበት በነበረው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የበገናው ትምህርት ቢታጎልም፣ በዐቢይ ጾም የሚደረድሩ አልጠፉምና ሰንሰለቱ ፈጽሞ አልተበጠሰም። ስለዚህ በአንጀት አውታር ፈንታ የሚወጠረው ናይለን ርካሽና ጽኑ መሆኑን ሳልክድ፣ በግ በየደጁ በሚታረድበት፣ ለበገናው እንጨት የሚሆነው ዋንዛም በሚበቅልበት በሽንዲ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር፣ የሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን የፋብሪካ ክር ከሚገዙ ይልቅ አንጀት አጥቦ፣ ገምዶና ወጥሮ ማድረቅን ሙያው ባላቸው አረጋውያን አማካይነት ለወጣቶቻቸው ቢያስተምሩ እመርጣለሁ፤ የመጀመሪያውም ትምህርት መዝሙር ከመጀመር በፊት እንዚራዋን በአውታሩና በብርኩማው መካከል፣ ድምፁ እስኪያንዘረዝር ድረስ፣ በትዕግሥት ማስተካከል ይሁን።