ወረፋውን አሳጥሩ፣ ሕጉን አታሳጥሩ

በሳን ሆዜና በኦክላንድ የቤት እጥረት በተነሣ ቁጥር አንድ ክርክር ተከትሎ ይመጣል። ግንባታ የዘገየው ፈቃድ ስለዘገየ ነው፤ ፈቃድ የዘገየው ደግሞ ሕጉ ከሚገባው በላይ ብዙ መሬት «ውሃ አዘል» ብሎ ስለሚጠራ ነው፤ ስለዚህ ትርጓሜውን እናጥብበው ይላል። የክርክሩ መነሻ እውነት አለው፤ ኪራዩ ቤተሰቦቻችንን አስጨንቋል፣ ፈቃዱም ይዘገያል። መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው። መዘግየቱ የሚፈታው በቂ መርማሪ በመመደብና መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በማስቀመጥ እንጂ፣ ጥበቃ የሚደረግለትን መሬት በመቀነስ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጠበበው የፌዴራል ጥበቃ

በ1972 የወጣው የንጹሕ ውሃ ሕግ፣ በክፍል 404፣ ሕጉ በሚሸፍነው ውሃ ወይም ረግረግ ላይ አፈር የሚደፋ ሁሉ አስቀድሞ ከጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ኮር ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። ሜይ 25 ቀን 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሳኬት ቤተሰብና በፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ክርክር በሰጠው ፍርድ የዚህን ሕግ ወሰን አጠበበው። ዘጠኙም ዳኞች ለባልና ሚስቱ ቢፈርዱም፣ በትርጓሜው ላይ አምስት ለአራት ተከፈሉ። በአምስቱ ዳኞች መለኪያ ረግረግ ጥበቃ የሚያገኘው ሕጉ ከሚሸፍነው ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም ባሕር ጋር በማይቋረጥ የገጸ ምድር ውሃ ሲገናኝ፣ ውሃው የት አልቆ ረግረጉ የት እንደሚጀምር ለመለየት ሲያስቸግር ብቻ ነው።

ይህን መለኪያ ይዘን ከሳን ሆዜ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከአልቪሶ ዳርቻ ብንቆም የምናየው ምንድን ነው? የደቡቡ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ከረጅም ዘመን ጀምሮ ለጨው ማምረቻና ለእርሻ ሲባል በአፈር ክትሮች ተከፋፍሏል። ከክትሩ ማዶ ባሕሩ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ከክትሩ ወዲህ ውሃው በዝናብ ወራት ይተኛል፣ በበጋ ይሸሻል። ለወፎቹም ሆነ ለጎርፉ ሁለቱ ወገኖች የአንድ ሥርዓት አካል ናቸው። በአዲሱ መለኪያ ግን «ክትሩ ግንኙነቱን ቆርጦታል» ለሚል ተከራካሪ በሩ ተከፍቷል። ዳኛ ብሬት ካቫኖ በልዩነት ሐሳባቸው ያስጠነቀቁት ይህንኑ ነበር። ትናንት ረግረጉን ከባሕሩ የለየው ክትር ዛሬ ከሕጉም ሊለየው ነው። በኖቬምበር 2025 ደግሞ ኤጀንሲውና ጦር ሠራዊቱ ወሰኑን ይበልጥ የሚያጠብብ ረቂቅ ደንብ አቅርበዋል።

የፌዴራሉ ጥበቃ ከአስተዳደር አስተዳደር እንደሚዋዥቅ ከዚሁ ከጎረቤት አይተናል። በማርች 2019 ኤጀንሲው በሬድዉድ ሲቲ የሚገኙት የጨው ኩሬዎች በሕጉ ፊት «ውሃ» አይደሉም ብሎ ወሰነ። በኦክቶበር 2020 የፌዴራሉ ዳኛ ዊልያም አልሰፕ ውሳኔውን ሻሩት። በዚህ ሁሉ መካከል ኩሬዎቹ እንደነበሩ ነበሩ።

የካሊፎርኒያ ጥበቃና ሁለት ክፍተቶቹ

ካሊፎርኒያ ከፌዴራሉ ሕግ ቀድማ፣ በ1969፣ የፖርተር-ኮሎኝን የውሃ ጥራት ሕግ አውጥታለች። በዚህ ሕግ ላይ ተመሥርቶ የግዛቱ የውሃ ቦርድ ኤፕሪል 2 ቀን 2019 የራሱን የውሃ አዘል መሬት ትርጓሜና የፈቃድ ሥርዓት አጸደቀ፤ ከሜይ 28 ቀን 2020 ጀምሮም በሥራ ላይ ውሏል። ትርጓሜው ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ መሬቱ በውሃ መራሱን፣ ርጥበቱ የላይኛውን አፈር ኦክስጅን እስኪያሳጣ ድረስ መቆየቱን፣ ዕፅዋት ካሉም በአብዛኛው ውሃ ወዳድ መሆናቸውን። ዕፅዋት የሌለው ጭቃማ ሜዳም ይካተታል። በማይቋረጥ የገጸ ምድር ውሃ ከባሕር ጋር መገናኘቱን ግን መመዘኛ አያደርግም።

ለመሐንዲሶች፣ ለአማካሪዎችና ለግንባታ ባለቤቶች ይህ ተግባራዊ ትርጉም አለው። የመሐንዲሶች ኮር «ይህ መሬት በሥልጣኔ ሥር አይደለም» ብሎ የሚሰጠው ደብዳቤ መሬቱን ለመሙላት ፈቃድ አይሆንም። ባለቤቱ አሁንም ጽሕፈት ቤቱ ኦክላንድ ለሆነው ክልላዊ የውሃ ቦርድ ማመልከት አለበት። እንደ ሁኔታውም ጉዳቱ ያነሰ አማራጭ አለመኖሩን ማሳየትና ለሚያጠፋው መሬት ቢያንስ አንድ ለአንድ ማካካስ ይጠበቅበታል። የፌዴራሉን ደብዳቤ ብቻ ይዞ ቡልዶዘር የሚያስነሣ ባለቤት የግዛቱን ሕግ ይጥሳል፤ ቅጣትም ይጠብቀዋል።

ጥበቃው ጥሩ ነው፤ ሁለት ክፍተቶች ግን አሉበት። አንደኛ፣ ትርጓሜው የተጻፈው ምክር ቤቱ ባወጣው ሕግ ውስጥ ሳይሆን በቦርዱ ደንብ ውስጥ ነው። የቦርዱ አባላት አምስት ናቸው፤ የሚሾማቸውም ገዥው ነው። አምስት ተሿሚዎች ያጸደቁትን ሌሎች አምስት ሊሽሩት ይችላሉ። በ2024 የጸደቀው ኤቢ 2875 የውሃ አዘል መሬት ስፋትና ጥራት እንዳይቀንስ፣ ይልቁንም እንዲጨምር የሚል የግዛት ፖሊሲ በሕግ አስፍሯል። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም የፖሊሲ መግለጫ የትርጓሜን ቦታ አይተካም።

ሁለተኛ፣ የፌዴራሉ ሕግ መሥሪያ ቤቱ ዝም ሲል ዜጎች ራሳቸው በካይን እንዲከሱ ይፈቅዳል። ፖርተር-ኮሎኝ ለዜጎች ይህን የመሰለ መብት አልሰጠም። ስለዚህ አንድ ረግረግ ከፌዴራሉ ወሰን ሲወጣ የሚያጣው ፈቃድ ሰጪ ብቻ አይደለም፤ በፍርድ ቤት የሚቆምለትን ጎረቤቱንም ያጣል።

ወረፋው ከየት መጣ?

አሁን ወደ መዘግየቱ እንመለስ። ሕጉ ያዘገየዋል የሚባለው ግንባታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትርጓሜውን የሚወቅሱት ወገኖች ክርክር በጠነከረ ነበር። ነገር ግን ረግረግን ለመመለስ የሚተጉ ፕሮጀክቶችም በዚያው ወረፋ ቆመዋል። የድሮ ክትር አፍርሶ ባሕሩን ለመመለስ የሚፈልግ ፕሮጀክት የስድስት መሥሪያ ቤቶችን በር ሊያንኳኳ ይችላል፤ ሦስቱ የፌዴራል፣ ሦስቱ የግዛት ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ ቅጽ፣ የራሱ ጥያቄ፣ የራሱ የጊዜ ሰሌዳ አለው። ረግረግን የሚያድነውን ሰው የሚያዘገየው የረግረግ ትርጓሜ ሊሆን አይችልም። የሚያዘገየው የአሠራሩ መበታተን ነው።

መፍትሔው እዚሁ ተሞክሯል። በጁን 2016 የዘጠኙ አውራጃዎች መራጮች ሜዠር ኤኤን አጽድቀው፣ በእያንዳንዱ ይዞታ ላይ በዓመት 12 ዶላር ለ20 ዓመት ለባሕረ ሰላጤው ማገገሚያ ለመክፈል ተስማሙ። ከ2019 ጀምሮም ከስድስቱ መሥሪያ ቤቶች የተመደቡ መርማሪዎች ያሉበት አንድ የጋራ ቡድን፣ የማገገሚያ ፕሮጀክቶችን ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ጀምሮ አብሮ ይመለከታል። ይህ ሲደረግ ከትርጓሜው ላይ አንድ ቃል አልተቀነሰም።

ጊዜውም አጭር ነው። በ2015 የባሕረ ሰላጤው ሳይንቲስቶች ባወጡት ሰነድ፣ እስከ 2030 ድረስ ሥር የሰደዱ ረግረጎች ከባሕሩ ከፍታ ጋር አብረው የማደግ ዕድላቸው የተሻለ መሆኑን አስረድተዋል።

«ቤት ወይስ ረግረግ?»

ይህ ጥያቄ ሁለቱን ያላግባብ ያጣላቸዋል። ባሕረ ሰላጤውን በአፈር የመሙላት ዘመን ያከተመው በ1961 ሦስት የበርክሌይ ሴቶች፣ ኬይ ከር፣ ሲልቪያ ማክላፍሊንና ኤስተር ጉሊክ፣ በጀመሩት ዘመቻና በ1965 በተቋቋመው የባሕረ ሰላጤው ጥበቃና ልማት ኮሚሽን ነው። ሲሊኮን ቫሊ ዓለም የሚያውቀው ሲሊኮን ቫሊ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ጥበቃው ልማትን አላቆመም፤ ወዴት መሄድ እንዳለበት ግን አሳየው። በ2019 የሳን ሆዜ ከተማ ከሁለት የመሬት ጥበቃ ተቋማት ጋር ሆና በኮዮቲ ቫሊ 937 ኤከር መሬት በ93 ሚሊዮን ዶላር እንዲገዛ ስትወስን ይህንኑ መንገድ መከተሏ ነበር።

ቤት የሚያስፈልገው ከሥራና ከባቡር አጠገብ ነው። አልቪሶ በከርሰ ምድር ውሃ መመጠጥ ምክንያት መሬቱ የሰጠመ፣ በ1983 በጎርፍ የተጥለቀለቀ ሰፈር ነው። የኪራይ ጭንቀት ያለበትን ቤተሰብ ከጎርፍ በታች ማስፈር ችግሩን ማቃለል ሳይሆን ወደ ልጆቹ ማስተላለፍ ነው።

ከኢትዮጵያ ለመጣን ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። የሐረማያ ሐይቅ የደረቀው በአንድ ሰው ጥፋት ወይም በአንድ ቀን አልነበረም። አርሶ አደሩ ለመስኖ፣ ሐረር ከተማ ለመጠጥ ቀዱት፤ ከኮረብታው የወረደው ደለልም ሞላው። እያንዳንዱ ድርሻ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነበር፤ ድምሩን የሚቆጥር ግን አልነበረም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ሐይቁም እንዲሁ እያሳሳቀ ሄደ። የፈቃድ ሥርዓት ማለት ያን ድምር የሚቆጥር ዓይን ማለት ነው።

የምንጠይቀው

አንደኛ፣ የ2019 ትርጓሜ በምክር ቤት ሕግ ይጻፍ። ሴናተር ቤን አለን በ2025 ያቀረቡት ኤስቢ 601 ከሳኬት በፊት የነበረውን ጥበቃ በግዛቱ ሕግ ለማጽናት ያለመ ነው፤ ይህ ዓላማ ከግቡ መድረስ አለበት።

ሁለተኛ፣ ፖርተር-ኮሎኝ ለዜጎች የመክሰስ መብት ይስጥ።

ሦስተኛ፣ ለክልላዊ የውሃ ቦርዶች በቂ መርማሪዎች የሚያስቀጥር ቋሚ በጀት ይመደብ፤ የጋራ ቡድኑ አሠራርም ከማገገሚያ ፕሮጀክቶች አልፎ፣ ረግረግን ለሚሸሽ ንድፍ ቅድሚያ እየሰጠ፣ ለቤት ግንባታ ማመልከቻዎች ይዘርጋ።

የሕግ አውጪዎች ረዳቶች ሆይ፣ «ትርጓሜው ሰፋ» የሚል ምስክር በኮሚቴ ፊት ሲቀርብ አንድ ጥያቄ አዘጋጁለት፦ ማመልከቻዎ መርማሪ ሳይመደብለት ስንት ቀን ተቀመጠ? ከዚያም ያንኑ ጥያቄ ለበጀት ኮሚቴው አቅርቡ።